የማንጎ ቅርንጫፉን አታቃጥሉት፦ ስለ ቅጠል ቀለም ለጠየቃችሁኝ

ማንጎ ተለቅሞ ሲያበቃ አዳማ ውስጥ በየግቢው ቅርንጫፍ ይከረከማል፤ በር ላይ ተከምሮ ይደርቅና ይቃጠላል። ያ ክምር የጨርቅ ማቅለሚያ ነው። እየሞከራችሁ ስለጻፋችሁልኝ ደስ ብሎኛል።

«የማንጎ ቅጠል አፍልቼ ነጠላ ነከርኩ። ሲወጣ ደማቅ ቢጫ ነበር፤ ሁለቴ ሲታጠብ ለቀቀ። ቅጠሉ አርጅቶ ይሆን?» (ከፍራንኮ ሰፈር)

እህቴ፣ ቅጠሉ ምንም አልበደለም፤ ያልተዘጋጀው ጨርቁ ነው። እንሶስላ እጅ ላይ ቶሎ ይይዛል፤ ጥጥ ግን እንደ ቆዳ አይደለም። ፈትሉ ሰምና ቅባት ስላለው መጀመሪያ በልብስ ሳሙና አንድ ሰዓት ይቀቅሉት። ንጹህ ነው ያሉት ነጠላ ውሃውን ቀጭን ሻይ ሲያስመስለው ያያሉ። አለቅልቀው በዘይቱን ቅጠል ውሃ ያሳድሩት፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ለጥጥ መያዣ ይሆነዋል። በማግስቱ ወደ አልሙኒየም ሰልፌት ይሂዱ፤ እዚሁ ጎረቤታችን አዋሽ መልካሳ ለውሃ ማጣሪያ የሚመረተው ማለቴ ነው። ለ500 ግራም ደረቅ ጨርቅ 75 ግራም በሙቅ ውሃ አሟሙተው ይዘፍዝፉት፤ እሱም ይደር፤ በሦስተኛው ቀን በማንጎ ቅጠሉ ውሃ ይንከሩት። ነጩን ይምረጡ፤ ቡናማነት ካለው ብረት ስላለበት ቢጫውን ያደበዝዘዋል። ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ማሳጠር አይቻልም፤ ቀለሙ የሚጸናው እዚህ ላይ ነው።

«አቮካዶ ሮዝ ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ቅርንጫፉን ብቀቅል ቡናማ ሆነብኝ።» (ከወንጂ)

ፈልቶብሃል ማለት ነው፣ ወንድሜ። ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ቆራርጠህ ውሃ ውስጥ አሳድረው። በማግስቱ ሳይንተከተክ፣ እንፋሎቱ ብቻ እየወጣ ሁለት ሰዓት ይቆይ። እኔ ቡና ከተፈላ በኋላ የሚቀረውን ፍም ነው የምጠቀመው። ከዚያ አውርደህ ከነጨርቁ አሳድረው። የቅርንጫፉ ሮዝ ፈዘዝ ያለ ነው። ደመቅ ያለ ከፈለግክ ጭማቂ ቤት ጎራ ብለህ የሚጥሉትን የአቮካዶ ፍሬ ለምንና ጨምርበት።

«ግራጫ በምን ይገኛል?»

በዘይቱን ቅጠልና በብረት። የዛጉ ሚስማሮችን አቼቶና ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆይታችሁ፣ ከውሃው ጥቂቱን በዘይቱን ቅጠል የተቀለመው ጨርቅ ላይ ጨምሩ። ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ብረት ሲበዛ ፈትሉን ይበላዋል።

«የነጠላዬ ጥለት ቀለም አልቀበል አለ።»

ክሩ ፖሊስተር ይመስለኛል። ጫፉን ቆርጠሽ ለኩሺው። እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ከሆነ የቅጠል ቀለም አይገባውም።

«በወጥ ድስት መቀቀል ይቻላል?»

አይቻልም። ለቀለም ብቻ የሚሆን አሮጌ ኢስቲል ድስት ይለይ፤ ሥራውም ደጅ ይሁን። ማንጎ የምትከረክሙም ጓንት አድርጉ፤ ከተቆረጠው ቦታ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፤ ልጆችንም ከክምሩ አርቁ።