ኢንጀክተር ሲያፈስ ቡሎን ማጥበቅ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የናፍጣ መኪናዬ ጠዋት ሲነሣ ከሞተሩ «ጥስ ጥስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የጭስ ሽታም ወደ ውስጥ ይገባል። ሽፋኑን ሳነሣ በአንዱ ኢንጀክተር (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ክፍል) ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ተጋግሮ አየሁ። መካኒኩ ቡሎኑን ጠበቅ ማድረግ ይበቃል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይበቃም። ያዩት ጥቁር ነገር በኢንጀክተሩና በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተሩ ራስ) መካከል ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) መዝጋት ስላቃተው እያመለጠ የሚወጣው የቃጠሎ ጋዝ የተወው ጥላሸት ነው። ማጥበቅ በጋዝ የተበላን መቀመጫ አይመልስም፤ እንዲያውም ቡሎኑ ሊበጠስ ይችላል። በአንዳንድ ሞተሮች ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ስለሚደፍን ቱርቦውን ዘይት ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ሥራውን ማሳደር አይበጅም።

አስቀድመው ሞተሩ የነዳጅ ፔዳሉ ሳይረገጥ በዝግታ እየሠራ ከኢንጀክተሩ ሥር የሳሙና ውኃ ጠብ ያድርጉ። አረፋ ከተነሣ የሚያመልጠው ጋዝ ነው። ቦታው ረጥቦ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ግን ጥፋቱ የመመለሻው ቱቦ ወይም የኦሪንጉ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱ) ሊሆን ስለሚችል መንቀልም ላያስፈልግ ይችላል። በኮመን ሬል ሞተር (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ ቧንቧ ናፍጣ በሚያገኙበት) የቧንቧው ግፊት ከ1,600 ባር ሊያልፍ ስለሚችል ሞተሩ እየሠራ ቧንቧ አይላላም፤ ፍሳሹም በእጅ አይዳሰስም፤ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባልና።

የተጣበቀ ኢንጀክተር የሚሰበረው በችኮላ ነው። ዝገት አስለቃቂ ዘይት አፍስሰው ያሳድሩት፤ በማግስቱ በቁልፍ መያዣው በኩል በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ በመሳቢያ ቀጥ አድርገው ያውጡት። ከጎን መፈንቀልና የኢንጀክተሩን የኤሌክትሪክ ራስ መምታት ክልክል ነው። አሮጌው ሮንዴላ አብሮ ካልወጣ ከጉድጓዱ ይፈልጉት፤ አዲሱ በላዩ ከተቀመጠ መቼም አይዘጋም።

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው መቀመጫው ላይ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚወስደውን ቀዳዳ ግሪስ በነካ ጨርቅ ይድፈኑ፤ የመቀመጫ መላጊያውንም ግሪስ ቀብተው በእጅ ብቻ፣ ብረቱ ዙሪያውን እኩል እስኪያበራ ድረስ ያዙሩት፤ ከዚያ አይለፉ፤ ብዙ በተላገ ቁጥር የኢንጀክተሩ ጫፍ ወደ ፒስተኑ ይጠጋል። በዚሁ ምክንያት የአዲሱ ሮንዴላ ውፍረት ከፋብሪካው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሲሊኮን መቀባት፣ ምንም ያህል ቢመከር፣ ከንቱ ነው፤ ያንን ሙቀት አይችልም።

የቡሎኑን ጉድጓድ ከዘይትና ከቆሻሻ ያጽዱ፤ የታቆረ ፈሳሽ ሲጠብቅ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ፋብሪካው ቡሎኑ እንዲቀየር ካዘዘ በአዲስ ይተኩት። ሲገጥሙ በመጀመሪያ ቧንቧውን ሳያጠብቁ ያስይዙ፤ ቀጥሎ የኢንጀክተሩን መያዣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ፋብሪካው በጻፈው ልክ ያጥብቁ፤ ቧንቧው መጨረሻ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ወደ ነበረበት ሲሊንደር ይመለስ። ሞተሩ ሲሞቅ የሳሙናውን ሙከራ ይድገሙ፤ ዘይቱንና ፊልትሮውንም በዚያው ይቀይሩ።