ኢንተርን ሆኜ ገባሁ፣ አሁን «ማናጀር ነህ፣ ፈርም» ይሉኛል

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂው ሲቪል ኢንጂነር ነው። ከተመረቀ በኋላ አንድ ተቋራጭ ጋ በ«ኢንተርን» ስም ገባ። ውል የለውም። ዓመት ሙሉ በትንሽ ብር ቴክ ኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ልኬት ማውጣት) ሠራ፣ ኮንክሪት ሲሞላ ቆሞ አደረ። ከዚያ ሳይት ኢንጂነር፣ ከዚያ ኦፊስ ኢንጂነር ሆነ። አምና ማናጀሩ ሲለቅ «ሳይቱን አንተ ያዘው» ተባለ፣ ደመወዙ ግን ያው ነው፣ «ጭማሪው ይመጣል» እየተባለ ቆየ። የሥራ ልምድ ሲጠይቅ የኢንተርኑ ዓመት አይቆጠርም አሉት። አሁን ደግሞ «ፕሮጀክት ማናጀር» የሚል ውል አምጥተው ፈርም ብለውታል። ልፈርም ወይ? ይላል።

አቦ፣ እስክሪብቶውን ትንሽ አስቀምጠው።

መጀመሪያ የኢንተርኑን ነገር እንጨርስ። ተማሪ ሆነህ ዩኒቨርሲቲው ለልምምድ ልኮህ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነበር። አንተ ግን ተመርቀህ፣ በአለቃ ትእዛዝ፣ በክፍያ ሠርተሃል። ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ነው፣ የፈለጉትን ስም ይስጡት። የሙከራ ጊዜ ነበር እንዳይሉህ ደግሞ ሙከራ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውል ካልተጻፈም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባ ነበር፤ አለመስጠቱ አንተን መብት አያሳጣህም። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ስትጠይቅ የሠራኸውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን ጽፎ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማስረጃ የለኝም አትበል። የቀን ሪፖርቱ፣ ሳይት ቡኩ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ያለው ፊርማህ፣ በባንክ የገባልህ ብር፣ ጡረታ ከተቆረጠልህ እሱም፣ የቴሌግራም ትእዛዙ ሳይቀር ማስረጃ ነው። ስልክህን ከመቀየርህ በፊት አስቀምጠው።

ዋናው ጉዳይ ማናጀርነቱ ነው። ብዙ ልጆች ሹመቱን ሲሰሙ ደስ ይላቸውና ሳያነቡ ይፈርማሉ፣ ፊርማው ግን ከሕግ ሕግ ሊያሻግርህ ይችላል። «የሥራ መሪ» የሚባል ሰው፣ ማለትም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን የተሰጠው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም፣ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሄዳል። በአዋጁ እንዳለው የትርፍ ሰዓት ሒሳብ አያገኝም፣ ቢባረርም እንደ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብሎ መከራከር አይችልም። ለድሬ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፤ ቀን በዚያ ሙቀት ኮንክሪት አይሞላም ተብሎ ስንት ሌሊት ሳይት ላይ እንደምታድር አንተው ታውቀዋለህ። ሠራተኛ ከሆንክ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዝህ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈልሃል። የሥራ መሪ ከሆንክ ግን ይህ የለም።

ደግነቱ የሚወስነው ስሙ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። ፕሮጀክት ማናጀር የተባለ ሁሉ የሥራ መሪ አይደለም። ጠዋት በር ላይ ከተሰለፉት የቀን ሠራተኞች «አንተ ግባ፣ አንቺ ግቢ» የምትለው በራስህ ሥልጣን ነው ወይስ ዋናው ቢሮ በላከው ቁጥር? ፎርማኑን ማገድ ትችላለህ ወይስ ሪፖርት ጽፈህ ትጠብቃለህ? መርሐ ግብር ማውጣትና የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ የክፍያ መጠየቂያ) አዘጋጅቶ ለአማካሪው ማቅረብ ብቻ ከሆነ ሥራህ፣ ሠራተኛ ነህ ብዬ እከራከርልሃለሁ። ውሉ ላይ «ይቀጥራል፣ ያዛውራል፣ ያግዳል፣ ያሰናብታል» የሚል ካለ ግን የሥራ መሪ ነህ የሚሉህ በዚያ ይዘው ነው። እንግዲህ ሥልጣኑ ከመጣ ደመወዙም አብሮ ይምጣ፣ ቁጥሩ ተጽፎ። ያለዚያ አልፈርምም በል።

ያለፈው ጭማሪ ይከብዳል፣ አልዋሽህም። አዋጁ ተጠባባቂ ለሆነ ሰው ይህን ያህል ይከፈል ብሎ አልደነገገም፤ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና የአሠሪው ስምምነት) ወይም የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ካለ ፈልገው፣ የቃል ተስፋ ብቻውን ደካማ ነው። የትርፍ ሰዓቱ ግን ይሻላል። ሆኖም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅክ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው አልፎ፣ ይቀራል። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ በቃል ማቆየታቸው ይርጋውን አያቆመውም። ያለብንን እንከፍላለን ብለው በጽሑፍ ካመኑልህ ወይም አንተ ክስ ካቀረብክ ነው የሚቆመው። ለክሱ የዳኝነት ክፍያ የለውም፣ የሥራ ክርክር ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ጻፍ፣ አንዱ የሥራ ልምዱን፣ ሌላው የትርፍ ሰዓቱን የሚጠይቅ። ስታስገባ ኮፒው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርግ። አንቀበልም ካሉ ከዚራ ወርደህ ከፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላከው፣ ደረሰኙንም እንዳትጥለው። የውሉን ረቂቅ ደግሞ ፎቶ አንስተህ ላክልኝና አንቀጽ በአንቀጽ እናየዋለን።