የስዋኑ አንገት ለምን ወደቀ?

«ጋሼ፣ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ለሠርግ የበረዶ ስዋን፣ ያንን አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ፣ ሥሪ ተባልኩ። ውሃውን በትልቅ ሳፋ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ መሃሉ እንደ ወተት ነጥቷል። መሮ ሳሳርፍበት ተሰነጠቀ። እንደምንም ጨርሼ ባቆመው ደግሞ ሙሽሮቹ ሳይገቡ አንገቱ ወደቀ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሠርግ አለብን። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እጅሽን አትውቀሺ። ጥፋቱ የጀመረው መሮ ሳታነሺ ነው።

ፍሪዘሩ ሳፋሽን ከየአቅጣጫው ስለሚያቀዘቅዘው መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይረጋል። ውሃ ሲረጋ ደግሞ አየሩንና ጨዉን እየገፋ ወደ መሃል ይሰዳቸዋል። መውጫ ሲያጡ እዚያው ታስረው ይቀራሉ። ወተት የመሰለሽ እሱ ነው። ስንጥቁም ቢሆን ከዚሁ ይመጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዙሪያው ተዘግቶ መሃሉ ሲያብጥ የት ይሂድ? በረዶውን ከውስጥ ወጥሮ ይይዘዋል። መሮሽ ያገኘው ያንን የተወጠረ ነገር ነው።

ስለዚህ ብርዱ ከአንድ ወገን ብቻ ይግባ። የሙያው ማሽኖች ከታች እያቀዘቀዙ ላዩን ውሃ በትንሽ ፓምፕ ያንቀሳቅሳሉ። 136 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ብሎክ ለማውጣት ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈጅባቸዋል። ለአንቺ ግን ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ለስላሳ መጠጥ የሚቀዘቅዝበት የፕላስቲክ ሳጥን (አይስ ቦክስ) ይበቃሻል። ክዳኑን አውልቀሽ ውሃ ሙይበትና ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። ጎኑና ታቹ ብርድ ስለማያሳልፍ ውሃው ከላይ ወደ ታች ይረጋል። አየሩም ጨዉም ወደ ታች ይገፋል። ከታች አራት ጣት ያህል ውሃ ሲቀር አውጪና ውሃውን ድፊው። ሙሉ በሙሉ ከረጋብሽም ነጩን ክፍል በመጋዝ ቁረጪው።

ውሃውን ማፍላት አየሩን ይቀንሳል፣ ጨዉን ግን አያወጣም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድና ሌላም ማዕድን ይበዛበታል። የተጣራ ውሃ ካገኘሽ እሱን ተጠቀሚ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ወዲያው አይነካም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ጥላ ቦታ ጨርቅ አልብሰሽ አቆዪው። ላዩን የሸፈነው ነጭ አመዳይ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሲጠራ፣ ያኔ ለዝቧል። ለማፍጠን ብለሽ ሙቅ ውሃ እንዳታፈሺበት! እኔ አንዴ ተጣድፌ ሳይለዝብ መታሁት። የአራት ቀን ልፋት በአንድ ምት ለሁለት ተከፈለ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የእንጨት መሮ ይሠራል፣ ብቻ በደንብ ይሳል። ወለሉ ውሃ ስለሚሆን የኤሌክትሪክ መጋዝ አትጠቀሚ።

ወደ አንገቱ ልምጣ። ቀጭን ነገር ከየጎኑ ስለሚቀልጥ ቶሎ ያልቃል። እዚህ ላይ ከሰማይ በሚወርደው ለስላሳ በረዶ የሚቀርጹት ሰዎች ያስተምሩናል። ጃፓን ውስጥ በሳፖሮ ከተማ በ1950 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ኦዶሪ ፓርክ ውስጥ 6 ሐውልት ሠርተው የጀመሩት ፌስቲቫል ዛሬ ሕንፃ የሚያህል ቅርጽ ይቆምበታል። ያ በረዶ ከኛው ይልቅ ደካማ ነው። እንዲጠነክር በእንጨት ፎርም ውስጥ ጠቅጥቀው ያቆዩታል። ከዚያ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይቀርጻሉ። እግሩን እስከ መጨረሻው ወፍራም አድርገው ይተዉታል፣ ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገርም አያበዙም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። የስዋኑ አንገት ታጥፎ ምንቃሩ ደረቱ ላይ ይረፍ። በአንገቱና በደረቱ መሃል ያለውን በረዶ ሙሉ በሙሉ አትብሺው፤ መስመር ብቻ አውጪለት።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ስዋኑን ተዪው። ቆሮሶ ሥሪ። የሐይቃችን ዓሣ ነው፣ ሰውነቱ ሰፊ ነው፣ ክንፉን ከሰውነቱ ሳትለዪ መቅረጽ ትችያለሽ። ከማዕበል ውስጥ ሲዘል አድርገሽ ብትሠሪው ማዕበሉ ራሱ ይሸከመዋል። አባ ኮዳን፣ ያንን እግረ ቀጭን ትልቅ ወፍ፣ ሥሪ የሚል ካለ ግን እሺ አትበዪ፤ በዚያ እግር በረዶ አይቆምም።

ፍቅፋቂውን አትጣይ። በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰሽ እንደ ሲሚንቶ ስንጥቁ ውስጥ ጠቅጥቂውና ፍሪዘር መልሺው፣ ይይዛል። የተሰበረ ቁራጭ ለመቀጠል ደግሞ ሁለቱን ፊት ለብ ባለ የአሉሚኒየም ትሪ ላይ አሽተሽ አስተካክዪ፣ ቶሎ ግጠሚና ፍሪዘር አስገቢው።

በሠርጉ ቀን ከሁሉም በኋላ የሚወጣው እሱ ይሁን። ከስሩ ውሃ የሚያጠራቅም ትሪ አድርጊ። ፀሐይም፣ ቬንትሌተርም፣ የቪዲዮ መብራትም አይምጣበት። መብራት እንደሚጠፋ አስበሽ ከሠርጉ 10 ቀን በፊት ጀምሪ፣ ብሎኩም ሁለት ይሁን። ለሙከራ ትንሽ ሳጥን ካለሽ ዛሬ ማታ ሙይና አስገቢ።