ከሠራዊት የተሰናበተ መኮንን ማዕረጉ አብሮት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ለረጅም ዓመታት በመኮንንነት አገልግያለሁ። ሻለቃ እያለሁ የጡረታ ጊዜዬ ሳይደርስ በራሴ ጥያቄ ተሰናበትኩ። አሁን አንድ የጥበቃ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከስሜ በፊት «ሻለቃ» የሚል ካርድ ሊያሳትምልኝ ይፈልጋል። የድርጅቱ ሒሳብ ሹም ግን «የለቀቀ ሰው አቶ ነው፤ ማዕረግ መጠቀሙ ማታለል ነው» ብሎ ተከራከረ። ማን ልክ ነው? ልጄን ስድር መለዮዬን ብለብስስ? ማዕረጉንስ ሊነጥቀኝ የሚችል አለ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በየትኛው አገር ሠራዊት እንዳገለገሉ አልጻፉልንም። ስለ ካርዱ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የዚያ አገር ሕግ ነው። ይሁንና የብዙዎቹ አገሮች ሕግ መነሻው ስለሚቀራረብ እሱን ይዤ ልመልስልዎ።

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ሰው ከሠራዊት ሲሰናበት አዛዥነቱ፣ ደመወዙና ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣኑ በዚያው ቀን ያበቃል፤ ይህ አያከራክርም። ማዕረግ ግን ከሥራ መደብ የተለየ ነገር ነው። የሻለቃ ጦር አዛዥነት የሥራ መደብ ነው፣ ነገ ለሌላ ይሰጣል። ሻለቃነት ደግሞ መንግሥት ለእርስዎ ለግልዎ የሰጠው ሹመት ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ ከደነገጉት ሕጎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1834 የወጣው የፈረንሳይ የመኮንኖች ሕግ ነው። ማዕረግ ከሥራ መደብ የተለየ እንደሆነ፣ መኮንኑም ማዕረጉን የሚያጣው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ እንደሆነ ደነገገ። ከእነዚያ ምክንያቶች መካከል ከባድ የወንጀል ቅጣት፣ ዜግነት ማጣትና በጦር ፍርድ ቤት መሻር ይገኙበታል። የዝርዝሩ መጀመሪያ ግን ሌላ ነበር፦ ተቀባይነት ያገኘ የመልቀቂያ ጥያቄ።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ለመተረክ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ «በራሴ ጥያቄ» ያሉት ነው። ሰዎች ይህን ጉዳይ ሲከራከሩ ጭቅጭቁ ሁሉ «አገልግሏል ወይስ አላገለገለም» የሚለው ላይ ነው። ሕግ የሚጠይቀው ግን «እንዴት ነው የወጣው?» ብሎ ነው።

በጡረታ የወጣ መኮንን በአብዛኞቹ አገሮች ማዕረጉን ይዞ ይቀራል። በአሜሪካ ሕግ በጡረታ የተገለለ መኮንን ጡረታ በወጣበት ማዕረግ መጠራትም መለዮውን መልበስም ይችላል። በሩሲያ ደግሞ መኮንኑ ማዕረጉን እንደያዘ «በተጠባባቂነት» ወይም «በጡረታ» የሚል ይታከልበታል። በዲሲፕሊን ወይም በፍርድ የተባረረ ሰው ጉዳይም ብዙ አያከራክርም፤ ብዙውን ጊዜ ማዕረጉም አብሮ ይሄዳል።

አስቸጋሪው የእርስዎ ዓይነት ነው፦ በመልካም ሥነ ምግባር አገልግሎ፣ ጡረታ ሳይደርስ፣ በፈቃዱ የወጣ። እዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ። አሜሪካ እንኳ ለጡረተኛው የፈቀደችውን ለዚህኛው እንዳለ አልፈቀደችም። በክብር ያገለገለ ሰው ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ በማዕረጉ እንዲጠራ ሕጉ የሚፈቅድለት አገልግሎቱ በጦርነት ጊዜ ከነበረ ነው፤ ማዕረጉም በዚያ ጦርነት ወቅት የደረሰበት ከፍተኛው ነው። በተጠባባቂ ኃይል ውስጥ ተመዝግቦ የቆየ ሰው ደግሞ መኮንንነቱ ገና ስላልተቋረጠ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ «ለቀቅኩ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ወደ ተጠባባቂ ተዛውረው ነው ወይስ ሙሉ በሙሉ ተሰናብተው?

መልሱ ያለው በስንብት ደብዳቤዎ ላይ ነው፤ ያውጡትና አብረን እንየው። መጀመሪያ የስንብቱ ዓይነት የተጻፈበትን መስመር ይፈልጉ፦ በጡረታ፣ በክብር፣ በራስ ጥያቄ፣ በጤና ወይስ በሌላ? ቀጥሎ ከስምዎ ፊት የተጻፈውን ማዕረግና የተጠቀሰውን የሕግ አንቀጽ ይመልከቱ። ብዙ ሰው ደብዳቤውን የሚያወጣው ጡረታ ለማስፈጸም ብቻ ነው፤ አንቀጹን የሚያነበው ክርክር ሲመጣ ነው። ሻለቃነቱ ቋሚ ሹመት ነበር ወይስ የውክልና፣ ማለትም ጊዜያዊ፣ የሚለውንም ያጣሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በበጎ ፈቃደኛው ጦር ሜጀር ጄኔራል የነበረው ጆርጅ ካስተር ጦርነቱ አልቆ ያ ጦር ሲበተን እ.ኤ.አ. በ1866 በመደበኛው ጦር ወደነበረው የሻምበልነት ማዕረጉ ተመልሷል። አልተቀጣም፤ ትልቁ ማዕረግ መጀመሪያውኑ የጊዜያዊው ጦር ነበር።

ወደ ካርዱ እንምጣ። ሥራ አስኪያጁ ማዕረግዎን የሚፈልገው ለክብርዎ ብቻ አይመስለኝም፤ ደንበኛ ካርዱን አይቶ «እነዚህ ከሠራዊቱ ጋር ግንኙነት አላቸው» እንዲል ነው። ሕግ የሚቆጣጠረውም ይህንኑ ነው። የአሜሪካ መከላከያ የሥነ ምግባር ደንብ ጡረተኞችና በሥራ ላይ ያልሆኑ ተጠባባቂዎች በንግድ ሥራ ላይ ማዕረጋቸውን እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። ግን ጡረተኛ ወይም ተጠባባቂ መሆናቸው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ መከላከያው ድርጅቱን የደገፈ የሚያስመስል አጠቃቀምም ክልክል ነው። በህንድ ልማድ ደግሞ «ጡረተኛ» የሚለው ከማዕረጉ በፊት ሳይሆን ከስሙ በኋላ ይጻፋል፤ ጡረታ የወጣው ሰውየው እንጂ ማዕረጉ አይደለም በሚል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ማዕረጉ እንደተጠበቀልኝ የሚያሳይ ማስረጃ እስካገኝ ካርዱን በስሜ ብቻ አሳትም ነበር። ማስረጃው ካለ ደግሞ ሁኔታዎን የሚገልጽ ቃል፣ ለምሳሌ «የቀድሞ» ወይም «በተጠባባቂነት»፣ ሳይቀር ይጻፍ። ሒሳብ ሹሙ ያነሱት የማታለል ጉዳይ እውን የሚሆነው ያልያዙትን ማዕረግ ከጻፉ ወይም አሁንም በሥራ ላይ ያሉ በሚያስመስል መንገድ ከተጠቀሙበት ነው።

የሰርጉ ጉዳይ አጭር ነው። መለዮ ከማዕረግ ስም የበለጠ ጥብቅ ነው፤ ማዕረጉ የሚጠበቅለት ሰው ሁሉ መለዮ የመልበስ መብት አለው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ደንብ ጡረተኞች በሰርግ፣ በወታደራዊ ቀብርና በመሳሰሉት ሥነ ሥርዓቶች ላይ እንዲለብሱ ይፈቅዳል፤ ለንግድ ሥራ ግን አይፈቅድም። በዚያው አገር ያለፈቃድ መልበስ እስከ ስድስት ወር ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። በደብዳቤዎ ወይም በመታወቂያዎ ላይ ፈቃድ ከሌለ ልጅዎን በሙሉ ልብስ ይዳሩ፤ ኒሻን ካለዎት እሱን በሲቪል ልብስ ላይ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ ለብቻው ይጠይቁ።

ማዕረጉን ማን ሊወስደው ይችላል? ቀጣሪዎ አይችልም፣ የቀድሞ አዛዥዎም በስልክ አይችልም። በደንቡ መሠረት የሰጠው አካል ወይም ፍርድ ቤት ነው የሚወስደው። የሩሲያ የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤት ከባድ ወንጀል የፈጸመን ሰው ማዕረግ እንዲገፍ ይፈቅዳል። በኢትዮጵያም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከማዕረግ ዝቅ ማድረግን ከቅጣቶቹ አንዱ አድርጎታል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 71 ከፍተኛ የውትድርና ማዕረጎችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ እንደሆኑ ይደነግጋል።

ያለ ወንጀል ፍርድም ማዕረግ የሚቀንስበት መንገድ አለ፤ አብዛኛውም በስንብቱ ዋዜማ ነው። የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ አዛዥ የነበሩት ባለአራት ኮከቡ ጄኔራል ዊልያም ዋርድ፣ በምርመራ ያለአግባብ ወጪ ተገኝቶባቸው እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ኮከብ ተቀንሶ በሌተናል ጄኔራልነት ጡረታ እንዲወጡና 82,000 ዶላር እንዲመልሱ ተደርጓል። ወንጀለኛ ተብለው አልተፈረደባቸውም፤ ሕጉ ጡረታ የሚያስወጣው በአጥጋቢ ሁኔታ ባገለገሉበት ከፍተኛ ማዕረግ ስለሆነ ነው። የተወሰደ ማዕረግ ሊመለስም ይችላል። በሐሰት በአገር ክህደት የተፈረደበት የፈረንሳይ ጦር ካፒቴን አልፍሬድ ድሬይፈስ እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ በአደባባይ የማዕረግ ምልክቱ ተቀዶ ሰይፉ ተሰብሮ ነበር፤ በ1906 ፍርዱ ተሽሮ በሻለቃነት ወደ ጦሩ ተመልሷል። በእኛም አገር ማዕረጋቸውን ተገፈው ለነበሩ ጄኔራሎች በ2010 ዓ.ም. ማዕረጋቸው ከነጡረታቸው ተመልሶላቸዋል።

ካርዱ ከመታተሙ በፊት ለቀድሞ ክፍልዎ የሰው ሀብት አስተዳደር የጽሑፍ ጥያቄ ያስገቡ፦ በምን ማዕረግ እንደተሰናበቱ፣ ማዕረጉን ከስምዎ ጋር መጠቀም ይፈቀድልዎ እንደሆነ፣ መለዮ የሚለብሱበት ሁኔታ ካለ። የቃል መልስ አይቀበሉ፤ ቀኑና ቁጥሩ ያለበት ደብዳቤ ያስወጡ፣ የስንብት ደብዳቤዎንም ኮፒ አያይዙ። እስከዚያው በሥራ ልምድዎ ላይ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በሻለቃነት ማዕረግ አገልግያለሁ» ብለው ይጻፉ፤ ያለፈ እውነት ስለሆነ ሒሳብ ሹሙም ቢሆኑ የሚነቅፉት ነገር አያገኙም።