ለሃምስተር ርካሽ ቤት፦ ካርቶኑን ተወው

አብሽር ወንድሜ፣ ብዙ ብር አያስወጣህም። ደሴ ላይ ለሃምስተሬ (አይጥ ለሚመስለው ትንሽ የቤት እንስሳ) በካርቶን ቤት ብሠራለትስ ላልከው፣ ካርቶኑን ተወው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ሲቆረጥም ነው የሚያድረው። ጠዋት የተበሳ ካርቶን ታቅፈህ ትቀራለህ።

የምታገኘውን ትልቁን ባለክዳን የፕላስቲክ ሳጥን ግዛ። የክዳኑን መሃል በጋለ ቢላዋ ቁረጥና ወንፊት ሽቦ ግጠምበት። የወንፊቱ ቀዳዳ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። በቀጭን ሽቦ ስትሰፋው ጫፍ ጫፉን ወደ ውጭ እጠፈው። ወደ ውስጥ ከቀረ አፉን ይወጋዋል።

ለምንጣፍ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ አታጣም። የጽድ ከሆነ ግን ይቅርብህ፣ ሽታው ለሳንባው አይሆንም። እኔ ብሆን ሽታ የሌለው ነጭ ሶፍት እቀዳድድለታለሁ። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ሙላለት፣ መቆፈር ነፍሱ ነው። ለደሴ ብርድም ይሆነዋል።

ቡና የሚፈላበት ጥግ ብቻ እንዳታስቀምጠው። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ አይስማማውም። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ደግሞ ክዳኑን በገመድ ጥፍር አድርገህ እሰረው።