የኢሜይሉ ፓስወርድ ማን ጋ ነው? ስለ ውጭ ትምህርት የጠየቃችሁንና መልሳችን

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ምናምን ናቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ውጭ ሀገር ትምህርት ነው የሚጠይቁት። ተማሪ ማማከር ስራዬ ስለሆነ ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ። ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል ብዙ ሰው የጠየቀውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነው ያለሁት። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሰራለች። አንድ ኤጀንት "ካናዳ መቶ ፐርሰንት ስኮላርሽፕ አስጨርስልሃለሁ" ብሎ 180 ሺህ ብር ጠይቆናል፣ ግማሹን በቅድሚያ። ፎርሙንም ኢሜይሉንም እሱ ነው የሚሞላው፣ ባንክ ስቴትመንትም ራሱ ያዘጋጃል። እህቴ ብሩን ልትልክ ነው፣ እኔ ግን ልቤ አልረጋም። (ከሐይቅ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህ ሳትልክ ዛሬውኑ ደውልላት። ልብህ አለመርጋቱ ልክ ነው።

ሰውየው ሶስት የተለያየ ነገር ደባልቆ ነው የሚሸጥልህ። አድሚሽን ማለት ዩኒቨርስቲው "ና ላስተምርህ" ሲል ነው፣ ስኮላርሽፕ ማለት "ወጪህን እኔ እችላለሁ" ሲሉህ ነው፣ ቪዛ ደሞ የሀገሩ መንግስት ውሳኔ ነው። ሶስቱን የሚወስኑት ሶስት የማይገናኙ ሰዎች ናቸው፣ እና እዚህ ቢሮ የከፈተ ሰው ሶስቱንም በአንድ ክፍያ አስጨርሳለሁ ሲል በምን ስልጣኑ ነው? ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚመጣው የሆነ ኮሌጅ አድሚሽን ነው፣ ከክፍያው ላይ ትንሽ ቅናሽ አለችው፣ እሷን ነው ስኮላርሽፕ የሚሏት።

ካናዳ ላይ ደሞ አንድ ተማሪ ብቻውን ሲሄድ ከትምህርት ክፍያውና ከትራንስፖርቱ ሌላ የአንድ ዓመት መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዳለው ማሳየት አለበት። ይሄ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ያለው ሂሳብ ነው፣ ከዛ በፊት 20,635 ነበር፣ ኪውቤክ ብቻ የራሷ ህግ አላት። ሰው ቤት የምትሰራ እህት ይሄን ከየት ታመጣለች? ለዛ ነው ስቴትመንቱን "አዘጋጃለሁ" ያለህ። በሀሰት ሰነድ የተያዘ ሰው ካናዳ 5 ዓመት ይታገዳል፣ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት፣ አሜሪካ ደሞ ለእድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። የሚታገደው አንተ ነህ እንጂ ኤጀንቱ አይደለም፣ ፎርሙ ላይ ያለው ያንተ ስምና ያንተ ፓስፖርት ነው።

እኔ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፣ ኢሜይሉን የከፈተው ማነው፣ ፓስወርዱስ ማን ጋ ነው? ወደኔ የሚመጡ ልጆች "አድሚሽኔ መጣ" ብለው ስልካቸውን ያሳዩኛል፣ ሳየው ከሌላ ሰው ስልክ የተላከላቸው ስክሪንሾት ነው፣ እስቲ ኢሜይሉን ክፈተው ስል መክፈት አይችልም፣ ቀሪው ብር ካልተከፈለ ኤጀንቱ ፓስወርዱን አይሰጠውም። እና ዩኒቨርስቲው ለኢንተርቪው ቢጠራው፣ የጎደለ ወረቀት ቢጠይቀው፣ አልተቀበልንህም ቢለውም ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሰውየውን እንዲህ በለው፦ ኢሜይሌን ራሴ ልክፈት፣ የስኮላርሽፑን ስምና ዌብሳይት ንገረኝና ራሴ ላንብበው፣ የሀሰት ስቴትመንት አልፈልግም። ንፁህ ሰው ከሆነ በዚህ ምንም አይከፋም። ደላላን ወሎ በደንብ ያውቀዋል፣ ስንቱን ልጃችንን በጅቡቲና በየመን በኩል የሸኘው ማን ሆነና፣ የእህቶቻችን የአረብ ሀገር ላብ አሁን ደሞ ለዚህ ሲውል ሳይ እውነት ያመኛል።

ባንተ ደረጃ ያለክፍያ የምትሞክረው አለ። ቱርኪዬ ቡርስላሪ የሚባለው የቱርክ መንግስት ስኮላርሽፕ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው የሚከፈተው፣ ለዲግሪ እድሜህ ከ21 በታች መሆን አለበት፣ ውጤትህ ቢያንስ 70 ከመቶ፣ ለህክምና 90። ትምህርቱን፣ ዶርም፣ የጤና መድን፣ የወር ገንዘብ፣ የመሄጃና የመመለሻ ትኬት ይሸፍናል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ቱርክኛ ትማራለህ። ሌላው የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም ነው፣ እሱ ጥር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፣ ግን ኦንላይን መሙላት ብቻውን አይበቃም፣ በኛ ትምህርት ሚኒስቴር በኩልም መታጨት ያስፈልጋል፣ ብዙ ልጅ ይሄን ሳያውቅ ነው የሚወድቀው። ሀንጋሪ የትምህርት ክፍያ የለብህም፣ ዶርም ወይም የቤት ድጎማ አለህ፣ ግን ለዲግሪና ለማስተርስ የወሩ ገንዘብ 43,700 ፎሪንት ነው፣ እሱ ብቻውን አያኖርም፣ ትኬትም አይከፍልልህም። እህትህ ልትረዳህ ከፈለገች ብሯን ለዚህ ትያዝልህ፣ ለትኬቱና ለመጀመሪያዎቹ ወራት።

ጥያቄ፦ ዲግሪ አለኝ፣ ማስተርስ ውጭ መማር እፈልጋለሁ። ሃይስኩል የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሬከርድ በ2014ቱ ጦርነት ጠፍቷል፣ የ12ኛ ውጤቴም ፎቶው ብቻ ነው ስልኬ ላይ የቀረው። በዛ ላይ የአባቴ ስም በየወረቀቱ የተለያየ ነው፣ አንዱ ላይ ሌላ ሰው ነው የምመስለው። ተስፋ ልቁረጥ? (ከወልዲያ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለውም፣ ግን ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ስኮላርሽፕ እስኪከፈት አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ጀምሪ።

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ውጤት መዝገቡ ትምህርት ቤቱ ጋ ብቻ አይደለም ያለው፣ ፈተናውን የሚያወጣው መስሪያ ቤት፣ አሁን የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የሚባለው፣ አዲስ አበባ ላይ አለው፣ ምትክ የሚጠየቀው እዛ ነው። የፈተና ቁጥርሽ ያለባትን ያቺን ፎቶ እንዳታጠፊያት፣ ለእህት ለወንድምሽም ላኪያት፣ ስልክ ይሰረቃል ይበላሻል። የ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት ግን የትምህርት ቤቱ ነው፣ መዝገቡ ከሌለ ትምህርት ቤቱና የወረዳው ትምህርት ፅህፈት ቤት ለምን እንደጠፋ ገልፀው ማህተም ያለው ደብዳቤ እንዲፅፉልሽ ጠይቂ። ደሞ ለማስተርስ ስለሆነ ዋናው የሚታየው የዲግሪሽ ትራንስክሪፕት ነው።

የመንግስት ዩኒቨርስቲ ከሆነ የተማርሽው የኮስት ሼሪንግ እዳሽን አጣሪ፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ላይ እሱ ነው ሰው የሚያስቆመው፣ አድሚሽን መጥቶ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ከዛ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ኤምባሲው ከጠየቀ እዛ። ለማመልከቻ ብዙዎቹ ስካን ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚህ የማረጋገጡን ወጪ ሁሉ አሁን አታውጪው።

ስሙ ላይ እንምጣ፣ የወሎ ሰው ችግር ነው ይሄ። ሰይድ የሚለው አንዱ ወረቀት ላይ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ተብሎ ይፃፋል፣ ሌላው ላይ ኤስ፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ፣ ሶስተኛው ላይ ዋይ ይገባበታል። እንድሪስ አንዴ በኢ ይጀምራል አንዴ በአይ፣ ሙሀመድማ አይቆጠርም። ለኛ አንድ ስም ነው፣ ወረቀቱን ለሚያየው ፈረንጅ ግን ሶስት ሰው ነው። ፓስፖርት ገና ካላወጣሽ ዲግሪሽ ላይ ባለው አፃፃፍ አስወጪው፣ ካወጣሽ ደሞ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ፎርም በፓስፖርቱ አፃፃፍ ሙዪ። ሬጅስትራር የሚያስተካክልልሽን አስተካክዪ፣ ያልተስተካከለውን ፍርድ ቤት ሄደሽ ሁለቱም ስም ያንቺ መሆኑን አስወስኚ። የትውልድ ቀንም እንደዛው፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ማለቂያ አካባቢ የተወለደ 7 ዓመት ነው የሚጨመርለት፣ ከዛ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8። ወረቀቱን የሚሞላው ሰው በግምት 8 እየጨመረ ስንቱን ባልተወለደበት ዓመት ፅፎታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ቱርክ ሀገር ስኮላርሽፕ ደርሷታል። ሴት ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ ወጥታ አታውቅም። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሀይማኖቷስ፣ ምግቡስ፣ ብትታመም ማን አላት? (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናቴ፣ እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድብዎትም፣ ልጅ መሸኘት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ይሄ ስኮላርሽፕ የመንግስት ነው፣ ተወዳድራ ነው ያገኘችው፣ ደላላ የለበትም፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ዶርም አላት፣ የጤና መድን አላት፣ ብትታመም ትታከማለች። ሒጃቧን ለብሳ ትማራለች፣ መስጊዱም ሀላል ምግቡም ሞልቷል። ደሞ የኛ ሰው ለእውቀት ባህር ሲሻገር አዲስ አይደለም፣ ድሮ ደረሳው፣ የዲን ተማሪው ማለት ነው፣ ካይሮ አል-አዝሃር ድረስ ሄዶ ይቀራ ነበር፣ እዛ ጀበርቲ ለሚባሉት ከኛ አካባቢ ለሚሄዱት ተማሪዎች የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው።

ከርስዎ የሚጠበቀው ይሄ ነው። የስኮላርሽፑን ደብዳቤ፣ የፓስፖርቷን፣ የዩኒቨርስቲውንና የዶርሙን አድራሻ ኮፒ ቤትዎ ያስቀምጡ። እዛው ከተማ የሚማሩ የኛ ልጆች አሉ፣ ሳትሄድ በፊት በቴሌግራም ታግኛቸውና ከሁለት ልጆች ጋር እርስዎም በድምፅ ያውሩ፣ ይሄ ከማንም ምክር በላይ ያረጋጋዎታል። ኤርፖርት ላይ የማንንም ሰው እቃ አደራ እንዳትቀበል አጥብቀው ይንገሯት፣ የጎረቤትም ቢሆን የዘመድም ቢሆን። በርበሬና ሽሮ ያስይዟት፣ ግን ኮት እንዳይገዙላት፣ ለቱርክ ክረምት የሚሆነውን እዛው ብትገዛ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቋንቋው ስለሚከብዳት ደውላ ታለቅሳለች፣ ያኔ "ተይው ነይ" እንዳይሏት አደራ፣ ብዙ ልጅ ቋንቋውን ሲይዝ ይረጋጋል።

ጥያቄ፦ አይኤልትስ ግዴታ ነው? ከደሴ አዲስ አበባ ተመላልሼ የመፈተን አቅም የለኝም። (ከደሴ)

መልስ፦ አይኤልትስ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ ሁሌም ግዴታ አይደለም። እኛ ሀገር ዩኒቨርስቲ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚማሩት ከዩኒቨርስቲሽ "ትምህርቱን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው" የሚል ደብዳቤ የሚቀበሉ የውጭ ዩኒቨርስቲዎች ብዙ ናቸው። ዱኦሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚቀበሉም አሉ፣ እሱን ቤት ሆነሽ ነው የምትፈተኚው፣ ኔትወርኩ እንዳይቆረጥ ብቻ። አይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ የምታመለክቺበትን ሳትለዪ ሮጠሽ አትፈተኚ፣ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ በከንቱ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርስቲ መምህር ነኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ውጭ መማር እፈልጋለሁ፣ ጓደኞቼ "ከሄድክ አትመለስ" ይሉኛል። የቱን ልሞክር? (ከደሴ)

መልስ፦ ላንተ የስራ ልምድህ ትልቅ ሀብት ነው። የጀርመኑ ዳአድ፣ ኢፖስ በሚባለው ፕሮግራሙ ከታዳጊ ሀገር ለሚመጡ ባለሙያዎች ይሰጣል፣ ቢያንስ 2 ዓመት የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ዲግሪህ ደሞ በአብዛኛው ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም፣ ስለዚህ አትዘግይ። የእንግሊዙ ቼቭኒንግም እንዲሁ 2 ዓመት ልምድ ይፈልጋል፣ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ ስትጨርስ ሀገርህ ተመልሰህ ቢያንስ 2 ዓመት እንድትቆይ ያስገድዳል። ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፣ ከአንድ በላይ ሀገር እየተዘዋወርክ ነው የምትማረው፣ አብዛኞቹ ኮርሶች ከጥቅምት እስከ ጥር ነው የሚቀበሉት። በራሴ ልክፈል ካልክ ጀርመን አብዛኞቹ የመንግስት ዩኒቨርስቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፣ ግን ለቪዛው በብሎክድ አካውንት፣ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ 11,904 ዩሮ ማስያዝ አለብህ፣ ሀምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ በመምህር ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም።

ስለ መመለሱ ሀሳቤን ግልፅ ላድርገው። ሰው ህይወቱን የሚመርጠው ራሱ ነው፣ በማንም አልፈርድም፣ ግን ሞቲቬሽን ሌተር ላይ "ተመልሼ ሀገሬን አገለግላለሁ" ብለህ ፅፈህ ልብህ ሌላ ከሆነ የሌላውን ቦታ ነው የያዝከው። እዚህ በጦርነቱ የተዘረፈው ላብራቶሪ፣ የተጎዳው ላይብረሪ ሰው ይፈልጋል፣ የተማረ መምህር ሲመለስ በየዓመቱ ስንት ተማሪ እጁ ላይ እንደሚያልፍ አንተው ታውቀዋለህ። ከዩኒቨርስቲህ ጋር የምትፈርመውን የትምህርት ፈቃድ ውል ደሞ አንብበው፣ ዋስ የሚሆንልህ ባልደረባህ እንዳይጎዳ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ አፕላይ ማድረግ ይቻላል? (ከወረኢሉ)

መልስ፦ ይቻላል፣ በስልክ ሞልተው የሄዱ አውቃለሁ። ወረቀትህን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ዘርግተህ በስካነር አፕ አንሳው፣ በተራ ካሜራ አይደለም፣ ከዛ ፒዲኤፍ አድርገህ መጠኑን አሳንሰው፣ ብዙ ፖርታል ትልቅ ፋይል አይቀበልም። ደብዳቤህን መጀመሪያ ስልክህ ኖት ላይ ፃፈውና ገልብጠህ አስገባ፣ ፖርታሉ ላይ እየፃፍክ ኔት ቢቋረጥ ሁሉም ይጠፋል። ሪኮመንዴሽን የሚፅፍልህን መምህር ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቀው፣ የሱንም ኢሜይል አስተካክለህ ያዝ። ማስገባቱን ደሞ ለመጨረሻው ቀን አታቆየው፣ ያን ቀን መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ፖርታሉም ከየሀገሩ በሚገባ ሰው ይጨናነቃል፣ ከሳምንት በፊት ሰብሚት አድርገህ የማረጋገጫው ኢሜይል መግባቱን እይ።