ሹመት ላማራችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን የጓደኛዬ ልጅ ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ ሚኒስትር ለመሆን ከምን ልጀምር?» አለኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቡና አስቀዳሁለት።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። በወጣትነቴ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ጸሐፊ ነበርኩ። ለፋሲካ ግቢያቸው ሙክት ማሰሪያ ቦታ ይጠፋ ነበር። አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ዜና በቦታቸው ሌላ ሰው መሾሙን ተናገረ። እሳቸውም ከእኛ እኩል ሰሙ። ለቀጣዩ ፋሲካ እንኳን አደረስዎ ልላቸው ሄድኩ። ግቢው ጭር ብሏል። አንድ በግ ታስሯል፤ እሱንም ራሳቸው ገዝተውት ነው። «ስንት አሉኝ መሰለህ?» ብለው ዋጋውን ነገሩኝ። ለዓመታት በግ ስንት እንደሚሸጥ አያውቁም ነበር።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትሉ አላችሁ። እሳቸውን የቆጫቸው ግን ሳይፈርሙት የቀረ አንድ የድልድይ ፋይል ነበር። ያን ዕለት ሦስት ጊዜ አነሱት።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን ታውቋቸዋላችሁ? ጣሊያን ሲወረን ፓሪስ የነበሩ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት ናቸው። አገር በጠላት እጅ ሳለች እዚያው ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ይሟገቱ ነበር። ሰኔ 1937 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ከልዑካኑ አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው 33። ቀጥሎ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ከጣሊያን ጋር ተከራከሩ። በ1939 በተፈረመው ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እሳቸው ገና ምክትል ሚኒስትር ናቸው!

ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ1953 ነው። ስማቸው ገነነ። ወሳኙ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። አክሊሉ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው እንኳ በ1958 ነው። በተባበሩት መንግሥታት መድረክ የለፉለት የኤርትራ ፌዴሬሽን የፈረሰው እሳቸው ወንበሩ ላይ ሳሉ ነው። ወሎ ሲራብም ካቢኔው የእሳቸው ነበር። የካቲት 1966 ለቀቁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

የተፈጸመባቸው ግፍ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ውሳኔው የሌላ፣ ተጠያቂነቱ የራሳቸው በሆነ ወንበር ላይ ለምን 13 ዓመት ያህል ቆዩ? በጡረታ ጋቢዬ ተጠቅልዬ ይህን መጠየቅ ቀላል መሆኑን አላጣሁትም። በእስር ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ማስታወሻ ኋላ ታትሟል፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። እኔ የምመለስበት የዲፕሎማሲ ሙግታቸው ነው። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ዘመን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «ኃላፊ ትሆናለህ» ስትባሉ ደመወዙንና መኪናውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ፊርማው የኔ ነው፤ ውሳኔውስ የማን ነው?» በሉ። መልሱ ከተድበሰበሰ አስቡበት። ቴሌቪዥን ላይ ለመታየትም አትቸኩሉ። በስብሰባ ላይ ጉዳዩን ከሥሩ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ካለ፣ ሚኒስትሩም ዞር ብሎ የሚያየው እሱን ነው። ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ያ ልጅ ቡናውን ጨርሶ «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ከምን ልጀምር?» ሲል ደገመልኝ። መዝገብ ቤት ግባ አልኩት። አሮጌ ፋይሎችን አንብብ፤ ማን ምን ብሎ ጽፎ ምን እንደተመለሰለት እይ። ፊቱን ብታዩት ለአቧራ አለርጂ ያለበት ይመስል ነበር።